ከነጋሪት በፊት መርዶ

አንድ አጋፋሪ ነበረ። በንጉሥ ግብር ላይ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ለማን ጠጅ ቀድሞ እንደሚቀዳ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበረ። በሃያ ዓመት ሹመቱ አንድም እንግዳ አስቀይሞ አያውቅም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገር ነበር።

ሻለቃ ይርዳው፣ አትቁነጥነጥ። ለዘማቾችና ለቤተሰቦቻቸው የታወጀውን አገር አቀፍ ምስጋና በዚህ አውራጃ የምትመራው አንተ ነህ። «ሜዳሊያ ይዘን፣ ማርሽ ባንድ አስከትለን ደጃቸው ድረስ ስንሄድ አንዳንድ ቤተሰቦች በር ይዘጉብናል። ምን አጎደልን?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሒሳብ ሳስተምርህም እንዲሁ ነበርክ፤ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ትፈልግ ነበር። የዛሬው መልስ ያለው አጋፋሪው ዘንድ ነውና እሱን ተከተለው።

የአጋፋሪው ንጉሥ ብርቱ ጦርነት ገጥሞ አሸንፎ ነበር። ድሉ ካለፈ ሰባት ዓመት ሲሆን ነገሩ ከነከነው። «አገሬን ያቆሙልኝን ሰዎች ሳላመሰግን ብሞት ምን ይሉኛል?» አለና ዐዋጅ አስነገረ። በሕይወት የተመለሰ ዘማች ሁሉ ካባ እንዲለብስ፣ ለወደቀው ደግሞ በብር የተለበጠ ጋሻ ለቤተሰቡ እንዲሰጥ አዘዘ። ለአንደኛው አውራጃ አጋፋሪው ተመረጠ። የዘማቾቹ ስም ከጦሩ ጸሐፊ መዝገብ ተገልብጦ ተሰጠው። ነጋሪት መቺና አዝማሪ፣ ስንቅና ሽልማት የጫኑ በቅሎዎችም ተከተሉት። ለመስቀል ሥራውን ጨርሶ እንዲመለስ ቀን ተቆረጠለት።

መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ሰመረለት። ካባ የለበሱት ፎከሩ፣ ሚስቶቻቸው እልል አሉ። አንድ እግሩን ያጣ ዘማች ካባውን ደርቦ በምርኩዙ እየዘለለ ሲፎክር አጋፋሪው ራሱ እንባው መጣ። የምስጋናውን ቃል ሲያነብ ድምፁ ያምር ነበር፤ ማማሩንም ያውቃል።

ከዚያ የጋሻዎቹ ቤቶች ተራ ደረሰ። በመጀመሪያው ቤት አንድ ሽማግሌ ብቅ አለ፤ ነጋሪቱን ትንሽ አዳመጠና ተመልሶ ገብቶ በሩን ዘጋ። በሁለተኛው ቤት ውሻ ለቀቁበት። አጋፋሪው ተቀየመ። «ምስጋና የሚጠላ ሰው በዓይኔ አየሁ። ርስት ይጨመርልን ማለታቸው ይሆናል» አለና ሁለቱን ጋሻዎች መልሶ አስጭኖ አለፈ። ሆዱ ግን ፈርቷል። ሰው አልቀበልም ያለውን ጋሻ ይዞ ንጉሥ ፊት መቅረብ የሃያ ዓመት ስሙን በአንድ ቀን ማጣት ነበር።

ሦስተኛው ቤት ከወንዝ ማዶ ነው። መዝገቡ «ቢተው፤ በድልድዩ ውጊያ የወደቀ፤ ሚስቱ ማንጠግቦሽ» ይላል። አጋፋሪው ነጋሪቱ ከሌላው ቀን አብልጦ እንዲመታ አዘዘ። ገና ወንዙን ሲሻገሩ አንዲት ሴት እልል እያለች ቁልቁል ስትሮጥ ታየች። ማንጠግቦሽ ናት። የመንደሩ ሰው ከኋላዋ ወጥቶ ቆሟል፤ ነገር ግን እልልታውን የተቀበለላት አልነበረም። አጋፋሪው ይህን ልብ አላለውም። «ተመስገን፣ ምስጋና የሚያውቅ ቤት አገኘሁ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ወረቀቱን ዘረጋ።

ሴትዮዋ ግን እሱን አላየችውም። ዓይኗ በትከሻው ላይ አልፎ ከበቅሎ በቅሎ፣ ከሰው ሰው ይዞር ጀመር። እስከ መጨረሻው በቅሎ ደረሰና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ጌታዬ» አለች። «ቢተው ከኋላ ነው? በቅሎው አንክሳበት ይሆናል። እሱ እንደሆነ የበቅሎ አያያዝ አያውቅም።»

ለእንግዳ ሁሉ መቀመጫ የሚያገኘው ሰው ለዚህች ሴት አንዲት ቃል አጣ። በዚህ መካከል ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብሎ፣ ከበቅሎው ጎንበስ ቢልለት በጆሮው ነገረው።

«መሞቱን በወሬ ከሰማን ቆየን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆኖ እሷ ብቻ አልሰማችም። ያለ እማኝ እንዴት እናርዳት? በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብለን ብናስለቅሳት ነውር አይሆንብንም? የወሰደው ይንገራት ብለን ሆድ ይፍጀው አልን።»

ያን ጊዜ አጋፋሪው የተዘጋው በርና የተለቀቀው ውሻ ገባው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከንጉሡ ቤት አንድም ሰው ወደ እነዚህ ሰዎች መጥቶ «ልጃችሁ፣ ባላችሁ ሞተ» አላላቸውም። የመጀመሪያው መልእክተኛ እሱ ነው፤ እሱም የመጣው ነጋሪት እየመታ ነው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። «ከኋላ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ወረቀቱን አንብቦ፣ ጋሻውን ደጃፏ ላይ አስቀምጦ መሄድም ይችል ነበር፤ የታዘዘው ይህንኑ ነውና የሚከሰው የለም።

ከበቅሎው ወረደ። ነጋሪቱን በእጁ ዝም አሰኘ። ካባውን አውልቆ ለነጋሪት መቺው ሰጠው። ከዚያም እሷ እያየችው፣ መንደሩ ሁሉ እያየው፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ አንገቱ አውጥቶ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰ።



«እሜቴ» አላት፤ «ቢተው ከኋላ የለም። በድልድዩ ውጊያ ወድቋል። የጦሩ ጸሐፊ በዓይኑ አይቶ ስሙን ጽፎታል። የወሰድነው እኛ ነን፤ መርዶውንም ማምጣት የነበረብን እኛ ነን። ሰባት ዓመት ዘግይተን መጣን።»

ማንጠግቦሽ ነጠላውን አየች፤ ፊቱንም አየች። ከዚያ ደረቷን መታች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሰባት ዓመት በየሆዱ የታመቀው የመንደሩ ለቅሶ በአንድ ጊዜ ወጣ። ለለቅሶው አስከሬን አልነበረም። የሟች መሣሪያና ልብስ ይወጣ እንዳይባል፣ ቢተው ያለውን ይዞ ዘምቷል። ስለዚህ የንጉሡን ጋሻ ከጭነቱ አወረዱና በለቅሶው መካከል ይዘውት ዞሩ። ሲያወድስ የሰነበተው አዝማሪ ሙሾ አወረደ። ለግብዣ የተጫነው ስንቅ ለለቀስተኛ ሆነ። አጋፋሪውም መሬት ላይ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀመጠ፤ ማን ከማን በላይ እንደተቀመጠም አልጠየቀም።

በሠልስቱ ማንጠግቦሽ ራሷ መጣች። «ያመጣኸውን ወረቀት አሁን አንብብልኝ» አለችው። አነበበ። ያ የሚያምረው ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረበት፤ ማንም ግን አልታዘበውም። ሲጨርስ «ድገመው፤ የቢተው ልጅም ትስማ» አለች። ሲደግመውም ልጅቷን አጠገቧ አቁማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ጋሻውን በእጇ ተቀብላ ቤቷ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። የቢተውን ተዝካር የምታወጣበትን ቀንም ለካህኑ ተናገረች። ሴትዮዋ ቀና ብላ ስትሄድ መንደሩ ያያት ያን ጊዜ ነው።

አጋፋሪው ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ውሻ ወደ ለቀቁበት ቤት ነጠላውን ዘቅዝቆ ሄደ፤ ውሻውን አሰሩለት። በሩን በዘጋው ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ በሩ ተከፈተ። ሁለቱም ቤቶች ጋሻቸውን በክብር ተቀበሉ። ከዚያ ወዲያ በየሄደበት መርዶ የሚነግሩ ሽማግሌዎች በማለዳ ይቀድማሉ፤ ነጋሪቱ በሠልስቱ ይደርሳል። መስቀል አለፈበት፣ ገናም አለፈበት፤ ቤተ መንግሥት የደረሰው ለጥምቀት ነው። ንጉሡ «የት ቀረህ?» ብሎ ተቆጣ። «መርዶ ስነግር፣ ጃንሆይ። ምስጋናው ሁሉም ቤት ገብቷል፤ የተመለሰ ጋሻ የለም» አለ። ንጉሡ ሹመት አልጨመረለትም፤ አልሻረውምም። ለሚቀጥለው አውራጃ የወጣው ትእዛዝ ግን «መርዶ ይቅደም፤ ነጋሪት ይከተል» የሚል ነበር።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ሻለቃ። አጋፋሪው አንተ ነህ። ያመጣኸው ሜዳሊያ ምንም አልጎደለውም፤ ባንዱም ቢሆን ጥሩ ይነፋል። በዝርዝርህ ላይ ግን «የተሠዋ» ተብሎ የተጻፈውን ሰው እናቱ የሰማችው ከማን ነው? ከገበያ ወሬ ነው? ወይስ አንተ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ነው? በር የዘጉብህን ሰዎች ምስጋና የሚጠሉ አድርገህ ልታስብ ትንሽ ቀርቶህ ነበር። እነሱ ምስጋናውን ይፈልጉታል፤ ለቅሶውን ዘለን አንቀበልም ነው ያሉህ። ለሞተ ሰው ክብር መንገዱ በለቅሶው በኩል ነው፤ ሌላ መግቢያ የለውም።

ስለዚህ ቅዳሜ ወደ እነሱ ስትሄድ ባንዱን እዚሁ ተወው። ሜዳሊያው ሦስት ቀን ቢቆይ አይዝግም። ነጠላህን ዘቅዝቀህ፣ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር በማለዳ ግባና ከሐዘንተኞቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጥ። ሁሉም ይቀበሉሃል፤ እኔ እርግጠኛ ነኝ። አጋፋሪው በእጁ ወረቀት ብቻ ነበረው፣ ሻለቃ። አንተ ግን ልጆቻቸው በተዋጉበት ኮረብታ ላይ አብረሃቸው ነበርክ። ማን የት እንደወደቀ፣ ማን በመጨረሻ ምን እንዳለ በዓይንህ አይተሃል፣ በጆሮህ ሰምተሃል። ለእናቶቻቸው እስከ ዛሬ ያልመጣላቸው እማኝ አንተ ነህ። ሂድና ንገራቸው።