ወደ ሰማይ የተጣራው ደምለው

አያቴ ሳትወለድ፣ የእሷም አያት ገና ጡት ሳትጥል የሆነ ነገር ነው። እርጅናው ስለተጫነኝ ሳላስረዝም ልንገራችሁ።

ገደል አፍ በሚባል መንደር ደምለው የሚባል ሰው ነበር። ሥራው መጣራት ነበር። ሰው ሲሞት ከገደሉ ጫፍ ይወጣና ማዶ ላሉት መንደሮች ይጣራል። እነሱም "ሰምተናል!" ይላሉ። ለዚህ ድካሙ መንደሩ በየመኸሩ እህል ይሰፍርለት ነበር።

ሚስቱ ውድነሽ ሞተችበት። ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ምሽት ብቻውን ተቀምጦ ኮከቦቹ ብቅ ብቅ ሲሉ አየ። "ይህን ሁሉ እሳት ያለ ሰው ማን ያነደዋል?" አለ። ተነሣና "እናንተ የላይኞቹ! አላችሁ ወይ?" ብሎ ተጣራ። ጠበቀ። ዝም። በማግስቱም ተጣራ። ዝም።

ሰዉ ሳቀበት። "ደምለው፣ ዛሬስ ምን አሉህ?" እያለ ገበያ መሀል ይቀልድበታል። "ሩቅ ናቸው፤ ገና አልደረሳቸው ይሆናል" ይላል እሱ። ሰባት ዓመት ተሳቀበት፤ ሰባት ዓመት ተጣራ። ዝም።

ከዚያ ዝናብ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ጠሩትና "ሰማዩን ነዝንዘህ ያስቆጣህብን አንተ ነህ። ወይ ይህን ነገር ተው፣ ወይ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን" አሉት። የሚበላው ከዚያችው እህል ነበር። አንድ ቀን ሙሉ አሰበ። "እንግዲያው ለሌላ ስጡት" አለ። ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን እንጨት ይሸከማል፣ ሲመሽ ይጣራል። ዝም።

በሃያኛው ዓመት ድምፁ ከዳው። ጫፉ ላይ ቆሞ አፉን ቢከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ምስኪን! ቤቱ ገብቶ ተኛ። "የሉም ማለት ነው" አለ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ደክሞት አያውቅም።

በዘጠነኛው ቀን ከገደሉ ሥር ሦስት ሰዎች ወጡ። ታች ጫካው ውስጥ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ በመንደሩ አልነበረም። "በየምሽቱ ከሰማይ የሚጠራን ድምፅ ጠፋብን" አሉ። "ተቀይሞን ይሆን ብለን ጨንቆን ነው የመጣነው።"

መንደሩ አፍሮ ወደ ደምለው ቤት ወሰዳቸው።

"ስንት ዓመት ሰማችሁኝ?" አላቸው በሹክሹክታ።

"ሃያ ዓመት፣ ጌታዬ" አለች ከመካከላቸው ያለችው ሴት።

"ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?"

"ፈርተን ነዋ! ለሰማይ ማን ደፍሮ ይመልሳል?"

ደምለው ዓይኑን ጨፈነ። "እኔ እኮ ደምለው ነኝ" አለ። "አንድ ቀን እንኳ አቤት ብትሉኝ ምን ነበረበት?"

ሴትዮዋ አለቀሰች። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ "አቤት" አለችው። በዚያው አንቀላፋ፤ አልነቃም።

ለዚህ ነው በገደል አፍ ከሩቅ ድምፅ ሲሰማ ማነህ፣ ከየት ነህ የማይባለው። መጀመሪያ "አቤት!" ይባላል። ሌላው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከላይ ግን እስከ ዛሬ የመለሰ የለም። ምናልባት እነሱም ሰምተውን፣ ፈርተው ይሆናል።