አያ ጅቦ ለቀስተኛ ማስቀመጫ ያጣ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ከወንዝ በላይ ባለ ገደል ውስጥ፣ ያገኘውን ሁሉ ማግበስበስ እንጂ መጣል የማይሆንለት አንድ ጅብ ይኖር ነበር። አያ ጅቦ ይሉታል። ዋሻው ሰፊ ነበር አሉ። ነበር ነው የምላችሁ! የበሬ ቀንድ ይጎትታል፣ የበቅሎ ሰኮና ይጎትታል፣ የተቀደደ ኮርቻ ይጎትታል፤ አንድ ጊዜማ የአንድ እግር ጫማ ይዞ ገባ፣ ለአራት እግሩ! «አንድ ቀን ይፈለጋል» ይላል። ያ አንድ ቀን ግን መጥቶ አያውቅም። ዕቃው ሲበዛ ለራሱ መተኛ አጣና ጭንቅላቱን ዋሻ አስገብቶ፣ ወገቡን ለዝናብ ሰጥቶ ማደር ጀመረ።

ደግሞ የሚበላውን አያውቀውም። አንዱን እየቆረጠመ ዓይኑ ሌላው ላይ ነው። «ምን በላህ?» ብትሉት «ቆይ፣ ገና ነኝ» ነው መልሱ።

አንድ ቀን ጠዋት ጦጢት እያለከለከች መጣች።

«አያ ጅቦ፣ እግዜር ያጥናህ። አክስትህ እትዬ ጅቢት አረፉ።»

«ምን ሆነው?»

«ኮርቻ ሲውጡ አንቋቸው።»

አያ ጅቦ ትንሽ አሰበና «ኮርቻውስ ተረፈ?» አላት።

ጦጢት ክው አለች። እትዬ ጅቢት እኮ እናቱ ስትሞት አንገቱን ይዘው፣ እዚሁ ዋሻ አምጥተው ያሳደጉት ናቸው! «አይ አንተ! ነገ ጠዋት እድርተኛው ይመጣልሃል፤ መቀመጫ አዘጋጅ» ብላው ሄደች።

የዚያ ሸለቆ እንስሳት እድር ነበራቸው። ሐዘን ሲደርስ ሦስት ቀን ሐዘንተኛው ቤት ይቀመጣሉ፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት ማንም ማንንም አይነክስም። ቤቱ ለቀስተኛ ካልያዘ ግን ሐዘንተኛው ብቻውን ያለቅሳል። ድንኳን የላቸውማ! ድሮ የቆዳ ድንኳን ነበራቸው። ማን እንደበላው ስም አልጠራም።

አያ ጅቦ ጭንቅ ያዘው። ቀንዱን ያነሳና «ይሄስ ይፈለጋል» ብሎ መልሶ ያስቀምጣል። ሰኮናውን ያነሳል፤ እሱንም ይመልሳል። እስከ ቀትር ድረስ የጣለው አንድም ነገር የለም። ይሄኔ ቀበሮ ብቅ አለ።

«ምን ትደክማለህ ወንድሜ? ወደ ላይ ከምረዋ! ጣሪያው ምን ይሠራል?»

«እውነትህን ነው!»

«ቅልጥሞቹን ግን ከሥር አታድርጋቸው፣ ይሰበሩብሃል። እደጅ አውጣቸው፤ እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቅልሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ! አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለ አያ ጅቦ፤ ጠንካራ ጠንካራውን አጥንት ከሥር እየመዘዘ ለቀበሮ አስረከበ። ልቡን ግን አጥንት ስቆጥር ዋልኩ እንጂ ስለ አክስቴ አላሰብኩም የሚል ነገር ሽው እንኳ አላለውም።

በማግሥቱ ለቀስተኛው መጣ። ክምሩ ጣሪያ ነክቷል፤ አያ ጅቦ ከክምሩ ጀርባ ተጣብቆ ተቀምጧል። ከፊት የእድሩ ዳኛ አያ አንበሶ፣ ቀጥላ ጦጢት፣ ከኋላ እመት አህያ ገቡ። አህያ ጅብ ዋሻ ስትገባ እንዴት እንደሚሆናት እናንተው ገምቱት። ንፍሮዋን በቁና ይዛ በሩ ሥር ልትቀር ስትል፣ አያ አንበሶ ዞር አሉና «ግቢ እንጂ፣ መንገድ ዘጋሽ!» አሏት። ደንገጥ ብላ ቁናውን ከአንድ ድንጋይ ላይ አኖረች፤ ራሷ ግን ለመቀመጥ ያገኘችው ከክምሩ ሥር ነው። ጎኗን ክምሩ ላይ ትንሽ ደገፍ አደረገች።

ጓ! ጓ! ጓ! ጣሪያ የነካው ሁሉ ወደ ኋላ ወረደ። አቧራው ሲሰክን ሐዘንተኛው የለም። ከአጥንቱ ሥር «ኧረ ቀንዴን እንዳትሰብሩብኝ!» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«አውጡት! ቶሎ!» አሉ አያ አንበሶ። ጦጢት በእጇ፣ እሳቸው በመዳፋቸው፣ እመት አህያ ደግሞ ፊቷን አዙራ በኋላ እግሯ እየወረወሩ ያገኙትን ወደ ደጅ ጣሉት። ደጁ ቁልቁለት ነው፤ ከታች ወንዙ ሞልቷል። የሚወረወረው አጥንት ቀበሮ የሚጠብቃቸውን ቅልጥሞች እየገፋ ይዟቸው ወረደ። ቀበሮም «ወይ ጉዴ!» እያለ ተከትሏቸው ሮጠ።

አያ ጅቦ አፈር ለብሶ ወጣ። መጀመሪያ ያለው «አጥንቶቼስ?» ነበር።

አያ አንበሶ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ወንዝ እየወሰዳቸው ነው። ሂድና ተከተላቸው፤ ከሄድክ ግን እኛም ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ከተቀመጥክ እንቀመጣለን። ምረጥ!»

አያ ጅቦ ወደ በሩ ሮጠ። ቁልቁል አየ፤ ስንት ዓመት የለቀመው ሁሉ በጎርፉ ላይ እየተገላበጠ ይሄዳል። አንድ እግሩን አወጣ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር አለ። ጎረቤቶቹ ክብ ሠርተው፣ መሐሉን ለእሱ ትተው ይጠብቁታል። የዋሻው ወለል ታየው፤ ካየው ስንት ዘመኑ! ግድግዳው ሥር አክስቱ አቅፈው ያስተኙት የነበረባት ጎድጓዳ ቦታ አለች። ያወጣውን እግር መለሰ።

«ኧረ አክስቴን! ኧረ እናቴን! ሞቱ ሲሉኝ እኔ ኮርቻውን ነው የጠየቅሁት!» ብሎ መሐላቸው ወድቆ እሪ አለ። እንዴት አድርጎ አለቀሰ መሰላችሁ! አያ አንበሶ እንኳ ጆሯቸውን ያዙ።

ሲወጣለት እመት አህያ ቁናውን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ከሩቅ፣ ንፍሮ ሰጠችው። አንዷን ፍሬ አኘከ። ሌላ የሚያየው ነገር ስላልነበረ ደጋግሞ አኘካት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ባቄላ።»

«ይቺስ?»

«ስንዴ።»

«ለየብቻ ይጣፍጣሉ እኮ! ለምን አትነግሩኝም ነበር?»

ለቀስተኛው ሳቁን አፈነ፤ ጦጢት ግን አልቻለችም።

ይሄኔ ቀበሮ ውኃ እያንጠባጠበ፣ እየተንቀጠቀጠ ከደጁ ደረሰ። በአፉ የያዘውን የበሬ ቀንድ መሬት አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። «አያ ጅቦ፣ ቅልጥሙን ለራሴ አስቤው ነበር፣ ወንዝ በላው። ያተረፍኩት ይህችን ብቻ ነው፤ እንካ።»

ሁሉም አያ ጅቦን ያዩታል። አያ ጅቦ ቀንዱን አየው። ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ትንሽ ጠጋ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀ።

«ና ግባ፣ ብርድ ይመታሃል» አለው። «ቀንዱን ግን እደጅ ተወው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቤታችንንም ሐሳባችንንም ለነገ እያልን በምንለቅመው ነገር ካጨናነቅነው፣ ዛሬ ሊያጽናናን የመጣ ወዳጅ መቀመጫ፣ ዛሬ የጎረስነውም ምግብ ጣዕም እንደሚያጣ ነው።