በቦዩ ዳር የተነሣው ዶማ

ሽንኩርት ተክሎ ቤተሰቡን የሚያሳድር አንድ ሰው ነበረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሃ ሲጠብቅ ከርሞ ተራው ደረሰ። ሐሙስ ማለዳ ቦዩን ሊከፍት ቢሄድ ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ደረቅ አፈር! ውሃው ወደ ጎረቤቱ ወደ ጓንጉል ማሳ ተጠልፎ ኩልል እያለ ይወርዳል። ጓንጉል ሆዬ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ያጠጣል።

"ጓንጉል! ተራው የማን ነው?" ቢለው፣ "ሂድ ወዲያ! የቀደመ ያጠጣል" አለው።

አንጀቱ አረረ። ዶማውን አነሣ። አትፍረዱበት፤ እናንተስ ብትሆኑ? ሽንኩርቱ እኮ አንገቱን ደፍቷል! ዶማው ከጓንጉል አናት በላይ ደረሰ፤ ሊወርድ ነው...

"በሕግ አምላክ!"

ማን ጮኸ? እማማ ውዴነሽ! ጎመን ሊቀነጥሱ የወጡ አሮጊት ናቸው። ጉልበት የላቸው፣ ዱላ የላቸው። ግን ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አንዲት እርምጃ አይራመድም። ሰውየውም ዶማውን እንደያዘ ቀጥ አለ።

"እማማ፣ ይተዉኝ! እውነቱ የኔ ነው!" አለ።

"አዎን፣ ያንተ ነው። አይቻለሁ፤ እመሰክርልሃለሁ" አሉ። "የኔም ባል እውነቱ የሱ ነበር። እዚሁ ቦይ ላይ ዶማ ቢያነሣ ያኛው ገጀራ አነሣና ገደለው። የሞተላት ውሃ በማግስቱ መጣች፣ ልጄ። እሱ ግን አልመጣም።"

ዶማው ወረደ። ከቀትር በፊት ውሃ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እማማ መሰከሩ፤ ጓንጉል ሁለት ተራውን ተቀጣ። ሽንኩርቱ ጠጣ! ሁሉም አልተረፈም፤ ግማሹ ግን ቀና አለ። የጓንጉል ልጆች አባታቸውን አልቀበሩም። የሰውየውም ልጆች ለአባታቸው እስር ቤት ስንቅ አላመላለሱም።

እልል አትሉም እንዴ?

"ታዲያ በደልን ዝም ብለን እንዋጥ?" የሚል አለ፤ ፊታችሁ ላይ አየሁት። ማን ዋጡ አላችሁ! እማማ ጓንጉልን መቼ ዝም አሉት? ጩኹ፣ ክሰሱ፣ ምስክር ጥሩ! እውነት የያዘ ሰው ምን በወጣው ይመታል? ዶማው አናቱ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ያ ከሳሽ ተከሳሽ ሆኖ እስር ቤት ይገባ ነበር፤ እውነቱም ከጓንጉል ጋር ይቀበር ነበር።

ምእመናን፣ እናንተስ ምን አንሥታችኋል? በድንበር ከወንድምህ ጋር የተካረርክ፣ ሰው ሰብስበህ ጎረቤትህን ልታስደበድብ የምትዶልት፣ ሚስትህ አንድ ቃል በመለሰችልህ ቁጥር እጅህን የምታነሣ፤ አዎ፣ አንተ! አንገትህን አትድፋ፣ ስማኝ!

ዛሬ እማማ ውዴነሽ እኔ ነኝ። በሕግ አምላክ! ባላችሁበት ቁሙ። ያነሣችሁትን አውርዱ። ውሃው እንደሆነ ነገም ይመጣል፤ ሰውየው ግን አይመጣም።