ልቅሶ የተከለከለበት አገር

አንድ አገር ነበረ፤ ማልቀስ በአዋጅ የተከለከለበት። ነገሩ የጀመረው ድሮ ነው አሉ። ያን ጊዜ ጠላት መጥቶ አገሩን እንዳልነበረ አደረገው። ሕዝቡ ኡኡ አለ፣ አለቀሰ፤ ከጎረቤት አገር አንድ ሰው እንኳ ብቅ አላለም። ከጥፋቱ የተረፉት ተሰብስበው ተማማሉ። ከእንግዲህ በዚህ አገር እንባ አይታይም፤ የሰው ልቅሶ ከሰማን ግን የትም ይሁን የት ፈጥነን እንደርሳለን አሉ። ከዚያ ወዲህ ራሳቸውን «ደራሾቹ» ብለው ጠሩ፤ ልጆቻቸውንም በዚህ ስም አሳደጉ።

መሐላው ባልከፋ። ግን ሰው መሞቱ አይቀርም። መርዶ የመጣበት ቤት ጎረቤት ነጭ ለብሶ ይመጣና «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል፤ የሟች ቤተሰብም ፈገግ ብሎ እንግዳ ይቀበላል። እንባ ያመለጠው ሰው የተሸናፊ ዘር ተብሎ ከአገር ይባረራል። ልጇ የሞተባት እናት ቁጭ ብላ ስትስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አያሳያችሁ።

የዚህ አገር ጦር አዛዥ አዝማች ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ደፋር ነው፣ ንጉሡንም ይወዳል። የእሱ ሥራ የሚጀምረው ልቅሶው ሲሰማ ነው። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ወንዙ ላይ ሲወርድ፣ ከማዶ በኩል የብዙ ሴቶች ልቅሶ ይመጣል። ቃል የለውም፣ የማንንም ስም አይጠራም። የከተማው በር ጠባቂዎች ሮጠው ለንጉሡ ይነግራሉ። ንጉሡም «እኛ እያለን ሰው ሊያልቅ ነው?» ይልና ጦሩን ያዛል።

ጦሩ ሲሻገር ታዲያ የሚያገኘው እህሉን የሚወቃ ገበሬ ነው።

«ማን ነው የሚያስለቅሳችሁ?»

«ማንም።»

«ማንም አይባልም፤ በጆሯችን ሰምተናል።»

በዳይ ይፈለጋል፣ ይገኛልም። አንዱ የመንደር ሹም ይታሰራል፣ ወንድሞቹ ጦር ያነሳሉ፣ ጎተራ ይቃጠላል፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ይወድቃል። ጦሩ እየፎከረ ይመለሳል። ልቅሶው ለጥቂት ቀን ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ካለፈው በርትቶ ይነሳል።

በመጨረሻው ዘመቻ የጓንጉል የበኩር ልጅ ሞተ። ጓንጉል በድኑን አስጭኖ ሊመለስ ሲል የማዶ አገር አንዲት አሮጊት መንገድ ዳር ቆመው አገኛቸው።

«ልጄ፣ ልቅሶውን እኛም እንሰማዋለን» አሉት። «የሚመጣው ግን ከእናንተ በኩል ነው። ምን ሆነው ይሆን ብለን ልንደርስላችሁ አስበን ነበር፤ ፈራናችሁ።»

ጓንጉል አሮጊቷ ጃጅተዋል ብሎ አለፈ።

ቤቱ ሲደርስ ነጭ ለባሾቹ ግቢውን ሞልተውታል። ሚስቱ ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ለሁሉም ፈገግ ትላለች። ጥርሷ ይታያል፤ ዓይኗ ግን የሚያየው ሰው የለም። እንግዳው መምጣቱን ሲያቆም ደግሞ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ «እንጨት ለቅሜ ልምጣ» እያለች መውጣት ጀመረች። ባዶ እጇን ትመለሳለች። አንድ ቀን ጓንጉል ተከተላት።

ትርንጎ ከከተማው በታች ወደ ወንዙ ገደል ወረደች። ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሳ ጓንጉል እግሩን አያየውም። ዘመኑን ሙሉ ሲያዘምተው የኖረው ልቅሶ ከሥሩ፣ ከገዛ አገሩ አፈር ሲመጣ ሰማ። ቀረብ ብሎ ቁልቁል ሲያይ ጭጋጉ ለአፍታ ገለል አለ። ነጭ የለበሱ ሴቶች ገደሉን ሞልተውታል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዙረው ያለቅሳሉ፤ አንዷ ሌላዋን አታይም፣ እንዳትታይም ትፈራለች። ድምፃቸው ከማዶው ገደል እየተላተመ ወደ ከተማው በር ይወጣል። ትርንጎን በጀርባዋ ለያት።

ማታ እቤት ስትገባ ጠየቃት።

«እንጨቱስ?»

ነጩን ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

«ትርንጎ፣ አይቼሻለሁ።»

«ታስባርረኛለህ?» አለችው። «የቀረኝ ልጅ ይርዳው ብቻ ነው። እሱንም ልቅሶ ተሰማ ብለህ ትወስደዋለህ። የሰማኸው እኮ እኔን ነው።»

በማግስቱ ልቅሶው ተሰማ፣ ጦሩም አደባባይ ተሰለፈ። ታናሹ ልጅ ይርዳው ከፊት ቆሟል። ጓንጉል ንጉሡ ፊት ቀርቦ እጅ ነሳ።

«ጃንሆይ፣ ማዶ የሚያለቅስ የለም። የሚያለቅሱት የእኛው ሴቶች ናቸው፤ የሚያለቅሱትም ወደ ዘመቻ ለላክናቸው ልጆች ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ንጉሡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ልቅሶው የእኛ ከሆነ፣ ታዲያ እኛ ማን ነን?»

«ልጆቻችን የሞቱብን ሰዎች ነን፣ ጃንሆይ።»

«እንዲህ የሚባል ሕዝብ አላውቅም» አለ ንጉሡ። «እኔ የነገሥሁት በደራሾቹ ላይ ነው።» እጁን አነሳ፣ ነጋሪት ተመታ።

ጓንጉል ሌላ መንገድ አጣ። ወደ ጦሩ ዞሮ፣ በአደባባይ፣ አገር ሁሉ እያየው አለቀሰ። ለበኩር ልጁ አለቀሰ፣ በስሙ እየጠራ። ሰዉ ሁሉ ደርቆ ቀረ። ሊያስረውም ሊያጽናናውም የተነሳ የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያየ አልነበረማ። ከሰልፉ ይርዳው ብቻ ወጥቶ መጣ። አባቱን እቅፍ አድርጎ በእጁ እንባውን ጠረገለት።

«አይዞህ አባቴ» አለው። «ያስለቀሱህን ደርሰን እንይዛቸዋለን።»

ይህን ብሎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ጦሩ ተንቀሳቀሰ፤ ጭጋጉም ከፊተኞቹ ጀምሮ አንድ በአንድ ዋጣቸው።

የራሱን ሐዘን ማየት የሚያሳፍረው አገር ሐዘኑን በሰው አገር ይፈልገዋል። ፍርሃቱን ርኅራኄ ይለዋል፤ «እኛ እንዲህ ነን» የሚለው ስሙ እንዳይነካ ሲልም ልጆቹን ይሰጣል። ክፋቱ፣ እውነቱን የሚነግረው ሰው ሲያለቅስ እንኳ የሚሰማው የዘመቻ ጥሪ ነው። እስቲ እናንተም ጠይቁ፦ ከማዶ የምትሰሙት ጩኸት የማን ነው?