ስኳሩ በባቡር ይመጣል

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት በረት የለውም፤ ሐዲድ ነው ያለው። «የባቡር ሐዲድ» በሉኝና ልቀጥል። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ስለ ባቡር ሳወራ ደረቴ ነፋ ቢል ቻሉኝ።

ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ልሳኑ የሚባሉ የባቡር ነጂ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነዱ፣ ነዱ፣ በመጨረሻም ጡረታ ወጡ። እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጠው ገላ ሠሩ፤ ከተበላሸ ቴፕ ሞተር አወጡ፤ የአጥር ሽቦ አቃንተው ሐዲድ ዘረጉ። ከምግብ ጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ የምትሄድ፣ ጡጫ የምታክል ባቡር ሆነች። ጎረቤቱ እየመጣ ጉድ አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ዙሪያሽ ሻይ ቀድተው ተቀመጡ። የስኳሩ ዕቃ ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከጋሽ ልሳኑ ፊት ነው። «ልሳኑ፣ እስቲ አንድ አንኳር ስኳር» አሉ። የፈለጉት ይህችኑ ብቻ ነው።

«በእጅማ አይሆንም!» አሉ ጋሽ ልሳኑ። «ስኳርሽ በባቡር ይመጣል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ስኳር በእጅ አይሄድም። በእጅ ከሄደ፣ እኔ ልሳኑ ባቡር ነድቼ አላውቅም!»

ማሉ እንግዲህ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ስኳሩን ባቡሯ ጀርባ ላይ አስቀምጠው ቁልፉን ነኩ። ሞተሩ «ዝዝዝ» አለ። ባቡሯ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ምነው አንቺ ባቡር፣ ስኳሩን አድርሺ እንጂ!»

«የማን ሥራ ሆኜ ነው እምቢ የምለው?» አለች ባቡሯ፣ ቅር ብሏት። «ጎማው ካልዞረ በምን እግሬ ልሂድ?»

ጎማ አይዞር፣ ባቡር አትሄድ፣ ስኳር አይደርስ፣ የእትዬ ዙሪያሽ ሻይ መራራ!

ጋሽ ልሳኑ ሳቁ። «ይሄማ የነጂ ሥራ ነው!» አሉ። የትልቁ ባቡር ጎማ ዳገት ላይ ሲንሸራተት ሐዲዱ ላይ አሸዋ ይነሰነሳል። ይህን የማያውቅ ነጂ የለም። ከግቢ አንድ እፍኝ አሸዋ ዘገኑና ያንን የሽቦ ሐዲድ አለበሱት። ባቡሯ አስነጠሳት። ጎማው ደግሞ ቱግ አለ።

«ጋሼ፣ መች ዞሬ ነው የምንሸራተተው? የሚያዞረኝ ፒኞን ነው። ፒኞን ካላዞረኝ ወይ ፍንክች! አሁን ይህን አሸዋዎን ያንሱልኝ!»

ፒኞን አታዞር፣ ጎማ አይዞር፣ ባቡር አትሄድ፣ ስኳር አይደርስ፣ የእትዬ ዙሪያሽ ሻይ መራራ!

ጋሽ ልሳኑ አፈሩ። አሸዋውን በዶሮ ላባ ጠርገው የባቡሯን ሆድ ከፈቱ። ፒኞን የምትባለው ባለ ጥርስ ትንሽ ክብ ፕላስቲክ ናት፤ የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰክታለች። ዘንጉ በውስጧ ይሽከረከራል፤ እሷ ቆማ ታየዋለች።

«ምን ተገትረሻል? አዙሪ እንጂ!»

«ወገቤ ተሰንጥቋል» አለች ፒኞን። «ዘንጉን ያዝኩት ስል ያመልጠኛል። ጥርሴን ግን ይዩልኝ፣ አንድም አልጎደለ! ጥብቅ አድርጎ የሚያቅፈኝ የነሐስ ቀለበት ካልመጣ አላዞርም።»

ዕቃ ሳጥናቸውን በረበሩና አንድ የነሐስ ቀለበት አገኙ። ቀለበቱ እንደ ሙሽራ ያብለጨልጫል። «አቅፋት ነበር» አለ፣ «ግን ቀዳዳዬ ጠባብ ነው። እኔ ነሐስ ነኝ፤ በሚስማር አልጎረጎርም። ቶርኖ በወጉ ካልቦረቦረኝ አላቅፍም።»

ቀለበት አያቅፍ፣ ፒኞን አታዞር፣ ጎማ አይዞር፣ ባቡር አትሄድ፣ ስኳር አይደርስ፣ የእትዬ ዙሪያሽ ሻይ መራራ!

እትዬ ዙሪያሽ ሻያቸውን ፉት አሉ፤ ፊታቸው ተጨማደደ። «ይመራል» አሉ፣ «ግን እጠብቃለሁ።»

ቶርኖ የሚባለው ብረት የሚቦረቡር ማሽን ከአጥሩ ማዶ፣ ከጎረቤታቸው ከብረት ሠሪው ከሙሜ ሱቅ ውስጥ ነው ያለው። ጋሽ ልሳኑ በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው ለመኑት።

«እኔ ብረትን እንደ ቅቤ ነው የምቆርጠው» አለ ቶርኖ እየተጀነነ። «ግን የሙሜ እጅ ካልነካኝ ለንጉሥም አልቦረቡር!»

ቶርኖ አይቦረቡር፣ ቀለበት አያቅፍ፣ ፒኞን አታዞር፣ ጎማ አይዞር፣ ባቡር አትሄድ፣ ስኳር አይደርስ፣ የእትዬ ዙሪያሽ ሻይ መራራ!

ሙሜ ተጠራና መጣ። ቀለበቱን አገላበጠ፣ ፒኞኗን በጥፍሩ ለካ፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«አቦ ጋሽ ልሳኑ፣ ይቺ ለእኔ ምን አላት? ግን ሰው ቤት ገብቼ ሻይ ሳልጠጣ ሥራ ጀምሬ አላውቅም። ስኳር የሌለው ሻይ ደግሞ ወላሂ ሻይ አይደለም፤ የተቀቀለ ቅጠል ነው!»

ጉድ ፈላ። ሙሜ እጁን አያነሳ፣ ቶርኖ አይቦረቡር፣ ቀለበት አያቅፍ፣ ፒኞን አታዞር፣ ጎማ አይዞር፣ ባቡር አትሄድ፣ ስኳር አይደርስ። ስኳር ካልደረሰ ደግሞ ሙሜ እጁን አያነሳ! ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ጋሽ ልሳኑን ላብ አጠመቃቸው። ስኳሩን በእጃቸው ካሳለፉ በመሐላቸው መሠረት ነጂ አልነበሩም ማለት ነው። ካላሳለፉ ባቡሯ ቆማ ትቀራለች። ስኳሩን አዩት፣ ሙሜን አዩት፣ ሚስታቸውን አዩ። በጣም አዘኑ።

«በቃ ዙሪያሽ» አሉ፣ ድምፃቸው ሰለለ። «በእጄ ላንሳው። ያ ሁሉ የነዳሁት ባቡርም ውሸት ይሁን።»

እትዬ ዙሪያሽ ብድግ አሉ። «እጅህን ሰብስብ! የነጂ ሚስት ነኝ፤ ባሌን በአንድ አንኳር ስኳር አላዋርድም!»

ለሙሜ ሻይ ቀዱ። ብርጭቆውን አንጠልጥለው ጠረጴዛውን ዞሩና ከስኳሩ ዕቃ ጎን አስጠግተው አስቀመጡት። በማንኪያ ጫፍ አንዱን አንኳር ገፋ ሲያደርጉት ጥልም! አለ።

«ስኳሩ ወደ ሻዩ ካልሄደ ሻዩ ወደ ስኳሩ ይሂድ። ስለ ሻይ የማለ አለ?»

የማለ የለም። ሙሜ እየሳቀ ጠጣ። ጠጥቶ «አልሐምዱሊላህ!» ሲል ያ ሁሉ እምቢታ ተበጠሰ። ሙሜ እጁን አነሳ፣ ቶርኖ ቦረቦረ፣ ቀለበት ፒኞንን አቀፈ፣ ስንጥቋ ገጠመ፣ ፒኞን ዘንጉን ጥርቅም አድርጋ ያዘች፣ ጎማ ዞረ። ባቡሯም ስኳሯን ተሸክማ፣ ማንም ጣቱን ሳያሳርፍባት፣ ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጣ እትዬ ዙሪያሽ ፊት ቆመች!

ጋሽ ልሳኑ ቀና አሉ፤ ቁመታቸው የጨመረ መሰለ። እትዬ ዙሪያሽ ስኳሯን አንስተው ሻያቸው ውስጥ ጨመሩ። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡት።

«እትዬ» አለ ሙሜ፣ «ብርጭቆ ይዞ መሄድን ካወቁበት፣ ከሰዓቱን ሙሉ ምን አሳረረዎት?»

«ስኳር የፈለግሁ መሰለህ?» አሉ እትዬ ዙሪያሽ። «ይህ ሰው ለአገር ሁሉ ሲጭን፣ ለአገር ሁሉ ሲያደርስ ኖሯል። ለእኔ ብሎ የነዳው ባቡር ግን ይሄ ነው። ታዲያ ተነስቼ ልቀበለው ኖሯል? ቁጭ ብዬ፣ እደጄ ድረስ ይምጣልኝ እንጂ!»

እኔም ከድሬ የሰማሁትን ተረት እዚህ አደረስኩ። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅር፣ አፌን በስኳር አብሱልኝ።