አቶ ያለቻቸው ሴት

አስናቀ የሚባሉ ባለርስት ከዘመቻ መልስ ፊታውራሪ ተብለው ተሾሙ። ካባቸውን ከደረቡበት ቀን ጀምሮ፣ ማዕረጋቸውን ሳይጠራ ሰላምታ የሰጣቸውን ሁሉ ይቀጡ ጀመር።

አንድ ቀን ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት መንገድ ላይ አግኝታቸው፣ እጅ ነሥታ «እንደምን አደሩ፣ አቶ አስናቀ» አለቻቸው። ፊታውራሪውም አሽከሮቻቸውን ልከው ያላትን አንድ በሬ አስነዱባት። ክረምቱ እየገባ ነበርና ሴትዮዋ ጨነቃት፤ ወደ አገረ ገዥው ደጃዝማች ችሎት ሄዳ አቤት አለች።

ፊታውራሪው ቀድመው ተናገሩ። «ሹመቴ በነጋሪት ታውጇል። አልሰማሁም ካለች ዋሽታለችና ትገረፍ፤ ሰምታ ከሆነም ንቃኛለችና በሬዋ ይወረስ።»

ደጃዝማቹ ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ «ሹመታቸውን ሰምተሻል?» አሏት።

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ።»

ፊታውራሪው ፈገግ አሉ። ሴትዮዋ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ቀጠለች።

«ማዕረግ ሁሉ ቦታ እንዳለውም አውቃለሁ። ግራዝማች በግራ ይዘምታል፣ ቀኛዝማች በቀኝ ይዘምታል፣ ፊታውራሪ ደግሞ ፊት ፊት ይመራል። ባለፈው ዘመቻ እኔ ስንቅ ተሸክሜ ከጦሩ ሁሉ ኋላ ነበርኩ፤ እሳቸው ደግሞ ከእኔ ኋላ ነበሩ። ለዚያ ቦታ የሚሆን ማዕረግ ባስብ ባስብ አጣሁና፣ ዝም ብዬ ከማልፋቸው ብዬ አቶ አልኳቸው።»

ደጃዝማቹ አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ትንሽ ቆዩና፣ በሬዋ እንዲመለስላት ፈረዱ።