ለፊልም የተነገረ መርዶ

አንድ ሰው ነበር፤ ፊልም ሠሪ። ምኞቱ አንድ ነበረች፤ ትልቅ የጦርነት ፊልም መሥራት። እንደው አንድ ሰሞን ታይቶ የሚረሳ ሳይሆን፣ ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ የሚናገረው የሚጠፋበት ፊልም።

ትልቅ የጦርነት ፊልም በምን ይሠራል ትላላችሁ? እሱ በጭስ መሰለው። ጎማ አቃጠለ። በሰው ብዛት መሰለው። ሦስት መቶ ሰው የወታደር ልብስ አልብሶ ሜዳ ለሜዳ አስሮጠ። ፈንጂው ጮኸ፣ አቧራው ተነሣ፣ ሰው ወደቀ። ከዚያ የተቀረጸውን ቁጭ ብሎ ሲያየው ቀዘቀዘበት።

አብሮት የሚሠራ በዕድሜ የገፋ ካሜራማን ነበር። «ልጄ፣» አለው፣ «የሞቱትን አሳየኸን። የሞተባቸውን ግን መቼ አሳየኸን?»

ነገሩ ገባው። መርዶ ያስፈልገኛል አለ። የእናት መርዶ።

ተዋናይት አልፈለገም። አንድ ሰፈር ሄዶ ሲያጠያይቅ እማማ የሺመቤትን አገኘ። አንድ ልጃቸው ዳምጠው ከዘመተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሞተ ያላቸው የለም፤ አለ ያላቸውም የለም። ስለዚህ ጥቁር ለብሰው አያውቁም፣ ለቅሶ ተቀምጠው አያውቁም። «ልጅ አለዎት?» ሲሏቸው «አንድ አለኝ» ይላሉ።

«እናት ሆነው ያልቅሱልኝ» አላቸው። ለምን እሺ እንዳሉ እንጃ። ምናልባት ያን ሁሉ ዓመት ማልቀሻ ቦታ ስላልነበራቸው ይሆናል።

መርዶ ነጋሪዎቹንም ከዚያው ሰፈር ወሰደ። ዋናው ጋሽ ልሳኑ ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ። በዚያ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርዶ ያረዱት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ልሳኑ ጎህ ሲቀድ በር ካንኳኩ፣ ገና ሳይናገሩ ሰው ያውቀዋል።

የፊልሙ ንግግር በተጻፈበት ወረቀት ላይ የልጁ ስም ሌላ ነበር። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ፊልም ሠሪው ጋሽ ልሳኑን ወደ ጥግ ወሰዳቸው።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ይተዉትና ዳምጠው ይበሉ።»

«የገዛ ልጇን ስም?»

«ከልባቸው እንዲያለቅሱልኝ ነው።»

«ኧረ ነውር አይሆንም?»

«ፊልም እኮ ነው ጋሼ!»

ፊልም እኮ ነው። ስንቱን ነውር በእንዲህ ያለ ቃል አሳልፈናል፣ ወገኖቼ? ቀልድ እኮ ነው። ሥራ እኮ ነው። ሰው ሁሉ የሚያደርገው እኮ ነው።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን አንኳኩ። እማማ የሺመቤት ከፈቱ። ጋሽ ልሳኑ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ «የሺ፣ እግዜር ያጥናሽ። ዳምጠው አርፏል» አሉ።

እማማ አልጮኹም። «መቼ?» አሉ።

ይኼ ወረቀቱ ላይ የለም። ጋሽ ልሳኑ «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ደገሙ። ከዚያ በኋላ ነው እኚያ እናት ደጃፉ ላይ ቁጭ ያሉት። እንዴት እንዳለቀሱ አልነግራችሁም። ፊልም ሠሪው ከካሜራው ጀርባ ቆሞ በደስታ ተንቀጠቀጠ። «ድገሙት» እንኳ አላለም። የሚፈልገውን አግኝቷል።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ልሳኑ እማማ የሺመቤት ዘንድ ጎራ ቢሉ፣ አልጋው ተነሥቷል፤ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ እማማ ከመርዶው በኋላ ለቀረጻው የለበሱትን ጥቁር ልብስ ሳያወልቁ ተቀምጠዋል።

«የሺ፣ ምን ሆነሻል? ፊልም እኮ ነው!»

«ጋሽ ልሳኑ፣ ለስንቱ መርዶ አረዱ። አንድ ቀን ዋሽተው ያውቃሉ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«እንግዲያው አውቀው ነው የነገሩኝ። እንደ ወጉ መንገሩ ቢከብድዎት በፊልም አሳበቡ። አልቀየምዎትም። ብቻ ድንኳኑን ያስተክሉልኝ።»

ጋሽ ልሳኑ ቢምሉ ቢገዘቱ የሚሰማቸው አጡ። የእድሩ ሹማምንት ተሰበሰቡ። ማስረጃ የለም ተባለ። ለፊልም ድንኳን አይተከልም ተባለ። ጎረቤትም ተጨነቀ። ቢሄዱ ልጁን ገደሉት፤ ባይሄዱ እናቲቱን ጣሏት። ታዲያ ምን አደረጉ? ቀሩ። እማማ የሺመቤት ሦስት ቀን ብቻቸውን ለቅሶ ተቀመጡ። ወገኖቼ፣ በእኛ አገር ሰው ብቻውን ለቅሶ ሲቀመጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ፊልም ሠሪው ሰማ። ደነገጠም። «ኤዲቱን ልጨርስና እሄዳለሁ» አለ። ኤዲቱ ሲያልቅ ምርቃቱ መጣ።

በምርቃቱ ቀን እኔም ነበርኩ። እኚያ እናት «መቼ?» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ ተንሰቀሰቀ። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ሲያልቅም ከሁሉ ቀድሜ ቆሜ አጨበጨብኩ። አንዱ ጋዜጠኛ «የጦርነት ፊልምን ትልቅ የሚያደርገው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። «እውነት» አለ። እንደገና አጨበጨብንለት።

እማማ የሺመቤት ቤት የሄደው ከዓመት በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ያጫወተኝ ራሱ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ። ጥቁሩን እንደለበሱ አገኛቸው። የሚናገረው ሲጠፋው፣ «እማማ፣ ፊልሙን ያየ ሁሉ አልቅሷል» አላቸው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ እማማ። ስንት ሺህ ሰው።»

«ታዲያ ምነው አንድ ሰው እንኳ ደጄን አልረገጠ?» አሉት።

«መልስ አጣሁ» አለኝ። እኔስ ምን መልስ አለኝ? እሱ ዘግይቶም ቢሆን ሄዷል። የእማማ ቤት እኔ ወደዚህ ስመጣ በማልፍበት መንገድ ዳር ነበር። ለቅሶው የእውነት መሆኑን ሰምቻለሁ። ነገ እገባለሁ፣ ነገ እገባለሁ ስል፣ አንድ ቀን በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየሁ። ወንድማቸው መጥቶ ወደ አገር ቤት ወስዷቸዋል አሉኝ። ያን ቀን እዚህ ቆሜ ስለ ፍቅር ሰበክሁላችሁ።

እናንተስ? ስልካችሁ ላይ የአንዲት እናት እንባ ታያላችሁ። ታዝናላችሁ። ለሌላ ሰውም ትልኩታላችሁ። ልቤ እንዴት ርኅሩኅ ነው ብላችሁ ደስ ይላችኋል። እግራችሁ ግን የት ነው? አንድ አጥር የሚለያችሁ ጎረቤታችሁ ልጁ የት እንደወደቀ ሳያውቅ ስንት ዓመቱ ነው? ምን ብዬ ልግባ ትላላችሁ። ምንም አትበሉ! ገብታችሁ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። እግዚአብሔር አብረን ለማልቀሳችን ማስረጃ የሚጠይቅ ይመስላችኋል?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ማን ቤት መሄድ እንዳለባችሁ ልባችሁ ያውቃል። የእኔም ልብ ያውቅ ነበር። እንባዬን አዳራሽ ውስጥ ጨርሼ፣ በደጃቸው አለፍኩ።